ማርሚታው በመጨረሻ ይገዛል፦ ለአሮጌ ሙስታንግ የጭስ ማውጫ አመራረጥና አገጣጠም

ብዙ ሰው ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን ጣሳ) የሚመርጠው ስልኩ ላይ ነው። ቪዲዮ ይከፍታል፣ ድምፁን ይሰማል፣ «ይሄ ነው!» ብሎ ያዛል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። 1967 ፎርድ ሙስታንጌ ላይ የገጠምኩት ጥንድ ማርሚታ ሰፈር ውስጥ ሲያልፍ አንገት ያስዞራል። አውራ ጎዳና ላይ 55 ማይል ስደርስ ግን ወለሉ ስር ከበሮ የሚመታ ይመስል ጆሮ የሚደፍን ጉምጉምታ ይነሳል። ባለቤቴ ከሪችመንድ ስንመለስ ግማሹን መንገድ ጆሮዋን ይዛ መጣች። ጉምጉምታው እስኪጠፋ ድረስ መኪናው ውስጥ አልገባችም።

ጥፋቴ ቀላል ነው። መጀመሪያ ማርሚታ ገዛሁ፣ ቱቦውን በማርሚታው ልክ አስቆረጥኩ፣ ስለ ሞተሩ ያሰብኩት በመጨረሻ ነው። የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። የሚከተለው ቅደም ተከተል ባለ 289 ወይም ባለ 302 ሞተር (ቁጥሩ የሞተሩ መጠን በኪዩቢክ ኢንች ነው) የ1965–1968 ሙስታንግን ይዞ ይሄዳል። ካማሮ ወይም ቼቬል (የሼቭሮሌ መኪኖች) ያላችሁም ስሌቱ ያው ነው፤ የሚለያየው ከስር ያለው ቦታ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦ ክሪክ፣ አራት የብረት መደገፊያ፣ የዓይን መነጽር፣ ሜትር፣ ወፍራም ካርቶን፣ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ)፣ የኤሌክትሪክ ቴፕ። መነጽሩን አትናቁት። 50 ዓመት ያለፈው ዝገት ሲረግፍ ቀጥታ የሚወርደው ዓይን ላይ ነው።

በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር አትግቡ። መደገፊያዎቹን ከሻንሲው በታች አድርጉ፣ ከዚያ መኪናውን ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ፈትሹ። ከተነቃነቀ እንደገና አስተካክሉ።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። በእነዚህ ሙስታንጎች የቤንዚን ታንኩ የላይኛው ገጽ ራሱ የኋላ ሻንጣው ወለል ነው። የኋላ ቱቦዎቹ ደግሞ ከታንኩ ጎን ነው የሚያልፉት። ስለዚህ ከኋላ አክስል ወዲያ ምንም ብየዳ መኪናው ላይ እንዳለ አይሠራም። ቦታውን ምልክት አድርጉ፣ ቱቦውን አውጡ፣ ራቅ ብላችሁ በይዱ። ባትሪውንም ንቀሉ።

ደረጃ 1፦ ሞተራችሁን እወቁ

የመኪናውን መለያ ቁጥር አውጡና አምስተኛዋን ምልክት እዩ። በ1967 ሞዴል «ሲ» ከሆነች ባለ ሁለት አፍ ካርቡራተር 289 ነው፤ 200 የፈረስ ጉልበት። «ኤ» ከሆነች ባለ አራት አፍ ነው፤ 225። «ኬ» ከሆነች ደግሞ ጉልበቱ 271 ነው፤ እንኳን ደስ ያላችሁ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይህ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሞተር ነው የሚናገረው። ባለፉት 50 ዓመታት ማን ምን እንደቀየረ መለያ ቁጥሩ አያውቅም። ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከመኪናው ጋር አስተያዩ፤ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ተቀይሮ እንደሆነም የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የዚያን ዘመን የፈረስ ጉልበት የሚለካው ሞተሩ ብቻውን መለኪያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መኪናው ላይ የሚሸከመውን ሸክም ሁሉ ሳይሸከም። መንገድ ላይ ያለው ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ በወረቀቱ ቁጥር ብታሰሉ በቂ ትርፍ አላችሁ። «ወደፊት አጠናክረዋለሁ» ብላችሁ ሌላ 150 አትጨምሩበት። ያንን የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ያጠናከረ ግን ጥቂት ነው።

ደረጃ 2፦ የቱቦውን ውፍረት አስሉ

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚስተው። ስሌቱ ሁለት መስመር ነው፦

1. የፈረስ ጉልበቱን በ2.2 አባዙ። የምታገኙት ሞተሩ በደቂቃ የሚያስወጣው የጭስ መጠን ነው፤ በኪዩቢክ ፊት።
2. አንድ ስኩዌር ኢንች የቱቦ አፍ በደቂቃ 115 ኪዩቢክ ፊት ገደማ ያሳልፋል። የጭሱን መጠን በ115 ስታካፍሉ የሚያስፈልገው የአፍ ስፋት ይመጣል።

ለ225 ፈረስ ጉልበት፦ 225 ሲባዛ በ2.2፣ 495 ይሆናል። በ115 ሲካፈል 4.3 ስኩዌር ኢንች። አንድ ባለ 2.5 ኢንች ቱቦ የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ 4.4 አለው። አያችሁት? ለዚህ ሞተር አንድ ነጠላ ባለ 2.5 ኢንች ቱቦ ራሱ ይበቃዋል።

በጥንድ ቱቦ ከሆነ፣ 2 ኢንች እስከ 285 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሸከማል። 2.25 ኢንች እስከ 370፣ 2.5 ኢንች ደግሞ እስከ 460። እንግዲህ 225 ጉልበት ላለው 289 ጥንድ ባለ 3 ኢንች ቱቦ የሚሸጥላችሁ ሰው ብረት እየሸጠ ነው።

«ሰፋ ቢል ምን ይጎዳል?» ካላችሁ፣ ይጎዳል። ቱቦው ሲሰፋ ጭሱ ይዘገያል፣ ይቀዘቅዛል፤ ከመብራት ስትነሱ የነበረው ጉልበት ይሳሳል። ድምፁም ይጮሃል። ከመሬት ያለውን ክፍተት ይበላል፣ ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጋር ያጋጫል። ለመንገድ መኪና የእኔ ምርጫ ጥንድ 2.25 ነው። 2.5 የሚገባው ሞተሩ ከልብ ሲታደስ ነው።

ደረጃ 3፦ የፋብሪካው ማኒፎልድ ወይስ ሄደር?

ማኒፎልድ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ብረት ነው፤ ሄደር በእሱ ፋንታ የሚገባ፣ ለየሲሊንደሩ የራሱ ቱቦ ያለው ነው። የፋብሪካው ማኒፎልድ ከባድ ነው፣ ግን ድምፅ ያፍናል፣ አያፈስም፣ በቦታው ልክ ይገባል። ረዥም ሄደር ከፍ ባለ ዙር ላይ እውነተኛ ጉልበት ይጨምራል፤ ችግርም አብሮት ይመጣል። ከማዘዛችሁ በፊት እነዚህን ፈትሹ፦

*የመሪ ረዳት።* ሃይድሮሊክ መሪ ካላችሁ፣ የሚገፋው ሲሊንደር በግራ በኩል ከሞተሩ ስር ተንጠልጥሎ ይገኛል። ብዙ ረዥም ሄደር ከእሱ ጋር ይጋጫል። ሲሊንደሩን ዝቅ የሚያደርግ ማያያዣ ብረት ይሸጣል፤ እሱን ስትገጥሙ ከመሬት ያለው ክፍተት ይቀንሳል።

*ፍሪሲዮን።* ማርሽ በእጅ ከሆነ፣ ከፔዳሉ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚሄደው ተሻጋሪ ዘንግ ሄደሩ በሚያልፍበት ቦታ ነው ያለው። ሄደሩ ለማንዋል ካምቢዮ የተሠራ መሆኑን ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ።

*ሞተሪኖ።* ሞተር ማስነሻው በቀኝ በኩል ነው። ሄደሩ ተጠግቶት ካለፈ ይጋገራል። መኪናው ሲሞቅ አልነሳ፣ ሲቀዘቅዝ እሺ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው። የሙቀት መከላከያ ጨርቅ አብራችሁ ግዙ።

*ቾክ።* ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የካርቡራተሩን አየር የሚያፍነው ክዳን ነው፤ ይህን የሚያስታውስ የለም። የፋብሪካው ቾክ የሚከፈተው ከቀኙ ማኒፎልድ በቀጭን ቱቦ በሚመጣ ሙቅ አየር ነው። ሄደር ላይ ያ ቦታ የለም። ቾኩ ሳይከፈት ይቀራል፣ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። የኤሌክትሪክ ቾክ ቀድማችሁ ግጠሙ።

ፍረድ ካላችሁኝ፦ 200 ወይም 225 ጉልበት ካለውና ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትነዱት መኪና ላይ ማኒፎልዱን አትንኩ። የግድ ሄደር ካላችሁ፣ አራቱን ቱቦ መጀመሪያ ወደ ሁለት ከዚያ ወደ አንድ የሚያመጣውን ዓይነት እዩ። የ1965 እና 1966 ሼልቢ ጂቲ 350 የነበረው ይኸው አሠራር ነው። ከሞተሩ የሚወጣው እያንዳንዱ የሄደር ቱቦ 1.5 ወይም 1.625 ኢንች ይሁን። ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው ሰሌዳ ደግሞ ወፍራም ይሁን፤ ስስ ሰሌዳ በሙቀት ይጣመምና ጓርኒሲዮን ይበላል።

ደረጃ 4፦ ስር ገብታችሁ ለኩ

ካርቶኑን በምትገዙት ቱቦ ውፍረት ጠቅልላችሁ በቴፕ እሰሩ። ይህን የካርቶን ቱቦ ከማኒፎልዱ እስከ ኋላ መከላከያው ድረስ እያሳለፋችሁ ሂዱ። ከወለል፣ ከፍሬን ቱቦ፣ ከቤንዚን መስመርና ከእጅ ፍሬን ኬብል ቢያንስ አንድ ኢንች ይራቅ። ከቤንዚንና ከፍሬን መስመር ከዚያም በላይ ቢርቅ ጥሩ ነው።

ዋናው ፈተና ከኋላ አክስሉ በላይ ነው። ቱቦው በአክስሉና በወለሉ መሃል፣ ከባሌስትራው በውስጥ በኩል ነው የሚያልፈው። መኪናው በሻንሲው ተደግፎ አክስሉ ተንጠልጥሎ ስትለኩ ቦታው ሰፊ ይመስላል። ያታልላል። አክስሉን በክሪክ ወደ ላይ ግፉትና እንደገና ለኩ። ሦስት ሰው ከኋላ ጭናችሁ ጉድጓድ ስትገቡ የሚቀረው ቦታ ያ ነው።

ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎችም እዩ። ከተቀደዱ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ይዘምማል፣ ቱቦውንም ይዞት ይሄዳል። መጀመሪያ እነሱን ቀይሩ።

ነጠላ ቱቦ ይዞ የወጣ መኪና ወደ ጥንድ ስትቀይሩ ደግሞ ማንጠልጠያው የሚታሰርበት ማጠናከሪያ ብረት በሁለቱም በኩል ላይኖር ይችላል። ዋጋውን አሁኑኑ ሂሳብ ውስጥ አስገቡ። ወለሉ ላሜራ ላይ በብሎን አታንጠልጥሉ፤ ይቀደዳል፣ ድምፁንም ወደ ውስጥ ያስገባል።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ቱቦ አገናኙ

የፎርድ 289 የማቀጣጠያ ተራ 1-5-4-2-6-3-7-8 ነው። ከ1 እስከ 4 ቀኝ፣ ከ5 እስከ 8 ግራ ናቸው። ተራውን ስታነቡት 4 እና 2 ተከታትለው በቀኝ፣ 7 እና 8 ተከታትለው በግራ ይተኩሳሉ። ያ የምንወደው ያልተስተካከለ «ዱብ-ዱብዱብ» የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች ካልተገናኙ ግን አንዱ ሲጨናነቅ ሌላው ባዶ ይሆናል፤ ድምፁም ሻካራ ይሆናል።

በመሃል አንድ ተሻጋሪ ቱቦ ያለው «ኤች» ዱብዱብታውን ሳያጠፋ ያለዝበዋል። ሁለቱ የሚጣመሩበት «ኤክስ» ጭሱን በደንብ ያቀላቅላል፣ ድምፁን ግን ቀጭንና ለስላሳ ያደርገዋል፤ ወደ ዘመናዊ የስፖርት መኪና ይጠጋል። ለአሮጌ መኪና እኔ «ኤች» ነኝ።

የትም ብታስቀምጡት በብሎን የሚፈታ ይሁን። አንድ ወዳጄ ከማኒፎልድ እስከ ማርሚታ አንድ ወጥ አድርጎ አስበየደው። ካምቢዮው የዘይት ማኅተም ሲያፈስ ቱቦውን በመጋዝ ቆርጦ ነው ያወጣው።

ደረጃ 6፦ አሁን ማርሚታ ምረጡ

ዓይነቶቹ በዋናነት አራት ናቸው።

*ባለ ክፍል።* ውስጡ በብረት ግድግዳ የተከፋፈለ ነው፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይሰባበራል። ፍሎውማስተር 40 የታወቀው ምሳሌ ነው። ወፍራም፣ ጎርናና ድምፅ። ቪዲዮ ላይ የሚያማልላችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ትንሽ መኪና ውስጥ ጉምጉምታ የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

*ቀጥ ብሎ የሚያልፍ።* ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በድምፅ መምጠጫ ተጠቅልሎ። ማግናፍሎውና ቦርላ የሚታወቁበት አሠራር ነው። ጭሱን በደንብ ያሳልፋል። ረዘም ያለውን ከመረጣችሁ ውስጥ ተቀምጦ ማውራት ይቻላል።

*«ተርቦ»።* ከተርቦ ቻርጀር ጋር አታምታቱት፤ ስሙ ነው። ጭሱ ውስጡ ዞሮ ተመልሶ ነው የሚወጣው። ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ድምፁ የተቆጠበ ነው። ለቤተሰብ መኪና መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው።

*ግላስፓክ።* ቀጭን፣ አጭር፣ ርካሽ። ውስጡ ያለው የመስታወት ክር እየተቃጠለ ሲያልቅ በየዓመቱ ድምፁ ይጨምራል።

ከስሙ በላይ የሚወስነው ርዝመቱ ነው። ከአንድ ዓይነት ውስጥ ቦታችሁ የሚፈቅደውን ረዥሙን ግዙ።

ቀጥሎ ሞተራችሁ አውራ ጎዳና ላይ በደቂቃ የሚዞረውን ዙር አስሉ፦ በሰዓት የምትሄዱት ማይል፣ ሲባዛ በዲፈረንሻል ሬሾ፣ ሲባዛ በ336፣ ሲካፈል በጎማው ቁመት በኢንች። የእኔ ሬሾ 3.00፣ ጎማዬ 26 ኢንች ነው። በ55 ማይል 2,130 ዙር ይመጣል። ጉምጉምታው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በ1,800 እና በ2,500 ዙር መካከል ነው። ከላይ የነገርኳችሁ የሪችመንድ መንገድ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ በቪዲዮ አትፍረዱ። ቪዲዮ የሚቀረጸው ከውጭ ነው፣ እናንተ የምትቀመጡት ከውስጥ ነው። ተመሳሳይ መኪናና ተመሳሳይ ማርሚታ ያለው ሰው ፈልጉ፣ አብራችሁት ተቀመጡ፣ በዚያ ዙር ላይ አሥር ደቂቃ ይንዳችሁ።

ሕጉንም እዩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ 1975 እና ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ከጭስ ምርመራ ነፃ ነው። ከድምፅ ገደብ ግን አይደለም፤ ከ6,000 ፓውንድ በታች ለሆነ መኪና ወሰኑ 95 ዴሲቤል ነው። ሌላው ግዛት የራሱ ሕግ አለው።

ደረጃ 7፦ ብረቱ

በአሉሚኒየም የተለበጠ ብረት ለብዙው ሰው ይበቃል። ክረምት ጨው በሚበተንበት አገር ካላችሁ ወደ ስቴንለስ ሂዱ፤ 304 ከ409 ይሻላል፣ ይወደዳልም። የታጠፈበት ቦታ ያልተጨማደደ ቱቦ ጠይቁ፤ ጭምድዱ የከፈላችሁበትን ስፋት ይበላል። የዚንክ ልባስ ያለው የውሃ ቱቦ በይዶ የሚገጥም ካለ ራቁ፤ ጭሱ ያሳምማል።

ደረጃ 8፦ አሮጌውን አውጡ

ማታውን ብሎኖቹን ዘይት አጠጡ። ጠዋት ሞተሩን ትንሽ አሙቁ፣ አጥፉ፣ እጅ የማያቃጥል ሲሆን ጀምሩ። ከማኒፎልዱ ስር ያሉት ብሎኖች እምቢ ካሉ አትታገሉ፤ ወደ ማጥበቅ ትንሽ፣ ወደ መፍታት ትንሽ እያደረጋችሁ መልሱ። የማርሚታውን ቱቦ ግን ለማዳን አትልፉ፣ በመጋዝ ቁረጡት።

ብሎን ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ከተሰበረ አቁሙ። በችኮላ ስትበሱ መሰርሰሪያው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ 20 ዶላር የነበረው ሥራ ቴስታታ ማውረድ ይሆናል። ጫፉ ወጣ ካለ ዳዶ በይዶ የሚያወጣ ባለሙያ ጥሩ።

ደረጃ 9፦ ሳታጠብቁ አሰልፉ

1. ከፊት ወደ ኋላ ሁሉንም ግጠሙ። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስይዙ።
2. ቱቦ ቱቦ ውስጥ የሚገባው ከ1.5 እስከ 2 ኢንች ይሁን።
3. ማርሚታው ላይ ትንሽ የውሃ ቀዳዳ ካለ ወደ ታች ይዙር። ቀዳዳው ወደ ላይ ከሆነ ማርሚታው ከውስጥ ይበሰብሳል።
4. የኋላ ቱቦው ከመከላከያው ወይም ከታችኛው ላሜራ ወጣ ይበል። ከአክስሉ በፊት የሚያቆም ሰው አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ በወለልና በሻንጣ ቀዳዳ ይገባል፤ ሽታ ስለሌለው አታውቁትም። የሻንጣውን ጎማ ማሸጊያም ቀይሩ።
5. መኪናውን በአራት ጎማው አውርዱ፣ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ሁለቱን ጫፎች በዓይን አስተያዩ፣ አስተካክሉ።
6. አሁን ከፊት ወደ ኋላ አጥብቁ። የማኒፎልድ ወይም የሄደር ብሎኖችን ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር።

ሰፊ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ተጠቀሙ። የተለመደው የ«ዩ» ማሰሪያ ቱቦውን ጨፍልቆ ይይዛል፤ ሌላ ጊዜ መፍታት ጭንቅ ነው።

ደረጃ 10፦ አስነሱና ፈትሹ

ውጭ አውጡና አስነሱ። መጀመሪያ ላይ ይጨሳል፤ ዘይትና የፋብሪካ ቅባት ነው፣ አትደንግጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ አጥፉ፣ ፍጹም ይቀዝቅዝ፣ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙት። 100 ማይል ከነዳችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ጨምሩ።

ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጡ። ጭሱ በቀላሉ መውጣት ሲጀምር የቤንዚንና የአየር ድብልቁ ሊሳሳ ይችላል። ጫፋቸው ነጭ ከሆነ የካርቡራተሩ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) ከፍ ማለት አለበት።

ሲበላሽ

*ሲቀዘቅዝ «ትክ ትክ» ይላል፣ ሲሞቅ ይጠፋል።* የማኒፎልድ ወይም የሄደር ጓርኒሲዮን ያፈሳል። የቫልቭ ድምፅ ነው ብላችሁ ሞተር አትክፈቱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቫኪዩም ማጽጃ መንፊያውን በኋላ ቱቦው አስገቡና መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ርጩ። አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው።

*እግራችሁን ስታነሱ ከኋላ «ጣ! ጣ!» ይላል።* በሆነ መገጣጠሚያ አየር እየገባ ነው። የሳሙናውን ውሃ መልሱት።

*ወለሉ ይንቀጠቀጣል።* አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን፣ ማርሚታውን ከመርገም በፊት የነካ ነገር ፈልጉ። ቱቦው ላይ የተፋቀ፣ የሚያብረቀርቅ ምልክት ካለ እዚያ ነው የሚነካው። ማንጠልጠያው ጎማ መሆኑንም አረጋግጡ።

*ጉምጉምታው አልጠፋም።* ምንም የማይነካ ከሆነ ሦስት መንገድ አለ። ቀላሉ ከማርሚታው በኋላ ትንሽ ረዳት ማርሚታ መጨመር ነው። ሁለተኛው ረዘም ባለ ማርሚታ መቀየር። ሦስተኛው፣ ቦታ ካላችሁ፣ ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ቱቦ በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ መበየድ ነው። ድምፁ ቅርንጫፉ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ያንኑ ድምፅ ይሽራል። ለ2,130 ዙር፣ ስምንት ሲሊንደር በሰከንድ 142 ጊዜ ይተኩሳል፤ የቅርንጫፉ ርዝመት 70 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል። ሙቀቱ ስለሚለዋወጥ 80 አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ጫፉን በጊዜያዊ ክዳን ድፈኑ፣ ነድታችሁ ስሙ፣ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር እየቆረጣችሁ ሞክሩ። የእኔ 74 ላይ ዝም አለ።